ዘጠነኛው መልእክት

መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣ አባት ሆኖ ላሳደገኝ አጎቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጉልበትህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እዚህ በሰው አገር ቀኑ ማጠር ከመጀመሩ በቀር የጎደለኝ የለም። ወደ ሥራ ስገባ የመንገዱ መብራት በርቶ ነው፣ ስወጣም በርቶ ነው። መሃል ላይ የነበረውን ቀን ማን እንደወሰደው አላውቅም።

የዛሬው ደብዳቤ የልመና ነው። ገንዘብ አይደለም፣ አትደንግጥ። የምፈልገው ድምፅህን ነው።

የምሠራበት ተቋም ሰዎች በቅርባቸው ስላለው ሕክምና ምን ያህል እንደሚያውቁ እንደሚያጠና ነግሬሃለሁ። ባለፈው ዓመት በእናንተ ሰፈር ሁለት መቶ ቤት ተንኳኩቶ ተጠይቆ ነበር። ከአሥሩ ሰባቱ፣ ጤና ጣቢያው ከማዋለድና ቁስል ከማሰር ሌላ ምን እንደሚሠራ አያውቁም። ግፊት በነጻ እንደሚለካ አያውቁም። የዓይን ምርመራ እንዳለ አያውቁም። ስለዚህ አሁን በስልክ ልንሞክር ነው። ጽሑፍ ቢላክ የማያነበው ብዙ ነው፤ ድምፅ ግን ሁሉም ይሰማል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የሰዉ ስልክ ይጮኻል፣ ሲያነሱት የተቀዳ ድምፅ ስለ አንድ አገልግሎት ይነግራቸዋል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ዐሥራ ሁለት መልእክት፣ ዐሥራ ሁለት ሳምንት።

አለቃዬ ማስታወቂያ አንባቢ እንቅጠር ብሎ ሦስት ሰው አሰማኝ። ሦስቱም ሳሙና የሚሸጡ ይመስላሉ። ያን ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ የጤና ጣቢያው አጥር ጋ ሳልደርስ ድምፅህ ይቀበለኝ ነበር። በካርድ ክፍሉ መስኮት የሰው ስም ከነአባቱ ስትጠራ፣ ማን እንደታመመ ሰፈሩ ሁሉ ካንተ ነበር የሚሰማው። ያን ድምፅ ሰምቶ ስልክ የሚዘጋ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለምን ይህን ሥራ እንደመረጥኩ አንተ ታውቃለህ። እትዬ በጊዜው ብትታይ ኖሮ እያልኩ አሁንም እነቃለሁ። እባክህ እሺ በለኝ።

እጅህን የምትስም፣
የእህትህ ልጅ


ጥቅምት 14 ቀን

ለጥያቄዬ፤

ባለሽበት ሰላም ይክበብሽ፤ ብርዱም ከልብስሽ አይለፍ። ሕፃን ሳለሽ ጥያቄ ስታበዢ ጥያቄዬ ያልኩሽ ያለ ነገር አይደለም፤ ዛሬም በጥያቄ መጣሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሦስቴ አነበብኩት። የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተርም አነበበችው፤ ካልሰጠኸኝ አላሳልፍህም ብላ በሩ ላይ ቆመችብኝ።

ስልክሽን ስላላነሳሁ አትቀየሚኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ከወረቀት ጋር ስኖር እኔም ሁለቱን ሆኛለሁ። በስልክ የተባለ ነገር የት እንደሚገባ አይታወቅም። ደብዳቤ ግን እንደ ካርድ ነው፣ ቦታ ቦታ አለው። ወሬ ካለሽ ጻፊ።

ድምፁን እሺ ብያለሁ። ጽሑፉን ግን ማን ነው የጻፈው? «የኅብረተሰብ ክፍሎች የቅድመ ምርመራ አገልግሎት ተጠቃሚ ይሆኑ ዘንድ ግንዛቤ የማስጨበጥ ሥራ…» እኔ እዚያ ድረስ ስደርስ ኦክስጅን ያስፈልገኛል። ሰሚው ደግሞ ከ«ክፍሎች» ሳያልፍ ስልኩን ለልጁ ያቀብላል። እኔ እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ ካልወደድሽው ሳሙና ሻጮቹን ጥሪ። «እናንተ ሰዎች፣ እኔ ነኝ፣ የካርድ ክፍሉ። ስኳር የምንለካው በነጻ ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ሦስተኛው በር። ቁርስ ሳትበሉ ኑ።» አለቀ። ዐሥራ ሁለቱንም እንደዚሁ አሳጥራቸዋለሁ።

የምቀዳው ከሰዓት በኋላ፣ በሽተኛው ሲሳሳ፣ እዚያው ካርድ ክፍል ነው። አርባ ሺህ ካርድ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ወረቀት ድምፅ ይጠጣል። ፀሐይዋ በመስኮቱ ትገባና አቧራው በመደርደሪያዎቹ መሃል ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ሲስተር ስልኩን ይዛ ትቆማለች፣ እኔ እናገራለሁ። አንዳንዴ ከኋላዬ ያ ሁሉ ሰው ከነሕመሙ ተሰልፎ የሚያዳምጠኝ ይመስለኛል። በአንድ ቀን ከሁለት በላይ አይሆንልኝም፤ የወቅቱ ጉንፋን ጉሮሮዬን ይዞኛል።

ስለ አክስትሽ፣ ስለ ባለቤቴ፣ በጻፍሽው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሐሙስ ሐሙስ በጓሮው ክፍል የጡት ምርመራ ነበር። ይህን የሚለው ወረቀት በእኔው መስኮት ላይ ተለጥፎ ሁለት ዓመት ቆይቷል። ጽሑፉ ወደ ውጭ ነበር፣ እኔ ደግሞ ውስጥ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ብቻ እያየሁ፣ ፀሐይዋን የሚከልለኝ ወረቀት ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። አክስትሽ ከሞተች በኋላ መስኮቱን ሲያጥቡ ነው ያነበብኩት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ያላወቀው የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ነበር። በመጠይቅሽ ከአሥሩ ሰባት ካገኘሽ እኔን ስምንተኛ አድርጊኝ።

ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያሉት ተልከዋል። ራስሽን ጠብቂ፤ ካልሲ ደርቢ።

አጎትሽ


ኅዳር 9 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ከእግርህ እስከ ራስህ ይድረስ። መልእክቶቹን ሳዳምጥ ሳቅሁም አለቀስኩም። «እናንተ ሰዎች» ስትል እዚህ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። አለቃዬ ትርጉሙን ሲነግሩት፣ «እኛ ስድስት ወር የጻፍነውን እሱ በአራት ዐረፍተ ነገር ጨረሰው» አለ። የፊታችን ሰኞ እንጀምራለን።

አንድ ነገር ብቻ። ዐሥራ አንድ መልእክት ደርሶኛል። ዘጠነኛው የለም። ከስምንተኛው ወደ ዐሥረኛው ዘለልክ። ምናልባት ሲስተር መላኩን ረስታ ይሆናል። ተራው እስኪደርስ ጊዜ አለን፤ ሲመችህ ቅዳልኝ።

ደግሞ ባለፉት ሁለት ወራት አንድ ቀን እንኳ ስልኬን አላነሳህም። ወረቀት እንደምትወድ አውቃለሁ፣ ግን ድሮ ቢያንስ «ደህና ነሽ ወይ» ብለህ ትዘጋ ነበር። ድምፅህን ለአራት ሺህ ሰው ሰጥተህ ለእኔ ስትነፍገኝ ትንሽ ቅር አለኝ። ቀልዴን ነው።

ልጅህ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለጥያቄዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? መልሱ የዘገየው ሥራ ስለበዛ ነው። የበዛው ደግሞ በአንቺ ነው።

ጉድ ነው የፈላው። በመጀመሪያው ሰኞ ማግስት፣ ግፊት ያለባት ያቺ የፀጉር አስተካካዩ እናት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ደህናውን ጫማ ተጫምታ መስኮቴ ላይ ቆመች። «ጠርተኸኝ መጣሁ» አለች። እኔ አይደለሁም፣ የተቀዳ ነው፣ ስልኩ ነው ብል፣ «ድምፅህን አላውቀውም ልትለኝ ነው? ሃያ ዓመት የጠራኸኝን?» ብላ ተቆጣችኝ። ተለካች፤ መድኃኒቷን አቋርጣ ስለነበር ሲስተርም ደግማ ተቆጣቻት።

ልጇ ደግሞ ምላጩን አንገቴ ላይ አድርጎ ወቀሰኝ። «ጤናዬን ሳትጠይቀኝ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳትለኝ ዘጋህብኝ» አለ። ምላጭ አንገት ላይ ሳለ ክርክር ስለማይመች ይቅርታ ጠየቅሁት።

ልብስ ሰፊው ከሁሉ ባሰ። ፊቱ ገርጥቶ መጣና በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ በሹክሹክታ፣ «ካርዴ ላይ ምን አይተህ ነው?» አለኝ። ለሁሉ ነው የተደወለው ብለው፣ «ለሁሉ ቢሆን በእኔ ስልክ ምን አመጣው? እውነቱን ንገረኝ፣ እችለዋለሁ» አለ። ለሰፈሩ ሁሉ መደወሉን ምዬ ነገርኩት፣ አላመነኝም። ለማንኛውም ብሎ ተለካ። ስኳሩ ሦስት መቶ ሆኖ ተገኘ። አሁን ሰው ባገኘ ቁጥር፣ ካርድ ክፍሉ ሳይነኩት ያውቃል እያለ ያወራል።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የማየውን ላንቺ ብቻ ልጻፍልሽ፤ ለሌላ ሰው ብናገረው ያዘነልኝ መስሎ ይስቅብኛል። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ከአንዱ አጥር ጀርባ «እናንተ ሰዎች» እላለሁ። ሁለት ቤት አልፌ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ፣ «ሦስተኛው በር» እላለሁ። ከላይ ካለው ፎቅ መስኮት «ሳትፈሩ ኑ» እላለሁ። እኔ ግን አፌን በሻርፕ ሸፍኜ በመሃላቸው እሄዳለሁ። አንዳንዱ ሰው በሩን ከፍቶ ያየኝና፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ግራ ይገባዋል። የሞትኩ፣ ወይም ገና ያልተወለድኩ ይመስለኛል። አያስፈራም፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ያ ድምፅ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው።

የዘጠነኛውን ነገር ሞክሬያለሁ። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ አንድ ቀን አናጺዎች ጣሪያውን ሲደበድቡ ዋሉ፣ አንድ ቀን ሲስተር ፈቃድ ወጣች። ደግሞ ዐሥራ አንድ መቼ አነሰ? የቸኮለ ነገር የለውም።

አጎትሽ


ጥር 6 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ሳቄን ስጨርስ ደብዳቤህን እንደገና አነበብኩት፤ በሁለተኛው ግን አልሳቅኩም።

እዚህ ድምፅ የምታጸዳ ባልደረባ አለችኝ። የምትሠራው ግድግዳውና ጣሪያው በስፖንጅ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ነው። «እዚያ ገብተሽ ብታጨበጭቢ ጭብጨባው ተመልሶ አይመጣም፤ የራስሽ ደም ሲሄድ ብቻ ይሰማሻል» እያሉ ያስፈራሩኝ ነበር። እውነት ነው፣ ይሰማል። ባልደረባዬ ቋንቋችንን አትሰማም። ለእሷ ያንተ ንግግር ትርጉም የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። የእሷ ሥራ የመኪና ጩኸት፣ የነፋስ ሽውታ፣ የመብራት ጥዝታ ከቀረጻው ማውጣት ነው።

ትናንት ጠራችኝ። መጀመሪያ አንደኛውን መልእክት አሰማችኝ፣ ቀጥላ ዐሥራ ሁለተኛውን። «ይሄ አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?» አለችኝ። አንድ ነው አልኳት። «በመካከላቸው ስንት ዓመት አለ?» አለች። አምስት ሳምንት ነው አልኳት። የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች። ከዚያ፣ «ይህን የሚሻክረውን ነገር ሦስት ቀን ላወጣው ታገልኩ። አልወጣም ያለኝ ከክፍሉ ስላልሆነ ነው። ከጉሮሮው ነው» አለችኝ።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ የዘጠነኛውን ጽሑፍ አወጣሁ። አንተ እንደምታሳጥረው ሳይሆን እኛ እንደጻፍነው፣ «ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረበት ሰው የጉሮሮ ምርመራ እንዲያደርግ…» ይላል። ዐሥራ አንዱን አንብበህ ይህን አንድ ብቻ ማንበብ ያቃተህ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለሲስተር ደወልኩ። «ጉንፋን ነው ይላል፤ ጉሮሮህን ልየው ብለው ካርድ ላምጣ ብሎ ወጥቶ አይመለስም» አለችኝ። ጋሼ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር የቆየ ጉንፋን የት አለ? እለምንሃለሁ፣ ታይ። የላኩልህ ጥናት ሁሉ ይቅር፣ አንተ ብቻ ታይ።

ልጅህ


ጥር 27 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ጥናትሽ ስለ ሌላው ሰው ነው። ሌላውን አጥኚ። እኔ በሽተኛ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሚያሳስበውንና የማያሳስበውን ለይቼ አውቃለሁ። ቋንቋ በማትሰማ ሴትዮ አፍ በሽተኛ አታድርጊኝ።

ዘጠነኛውን ተይው። ማንም አልጠየቀውም። ሌላው ሁሉ በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው።

ቀኑ እዚህ ቆንጆ ነው። ፀሐይዋ ደህና ትሞቃለች።

አጎትሽ


የካቲት 12 ቀን

ለጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ነገሩ ተፈጽሞ ስለሚሆን፣ ይቅርታ ለመጠየቅ እንጂ ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም የምጽፈው።

ዐሥራ አንዱን መልእክት የሰማ ኮምፒውተር የጎደለውን ራሱ መናገር ይችላል። ድምፅህን ተምሮታል። ያላልከውን ቃል ጽፈው ቢሰጡት በአንተ ድምፅ ይለዋል። አለቃዬ በጥር ነው ሐሳቡን ያመጣው፤ «አጎትሽን ማስቸገር አያስፈልግም፣ ዘጠነኛውን ማሽኑ ይበለው» አለ። እምቢ አልኩ። ሰው ያላለውን አለ ማስባል ውሸት ነው አልኩት። በዚያ ሳምንት በዘጠነኛው ቦታ ዐሥረኛውን ላክን።

የጥር 27 ቀን ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። ባልደረባዬ ያን ዝም ያለ ክፍል ከፈተችልኝ። ጽሑፉን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አንተ እንደምትጽፈው አድርጌ። ለአራቱ ሺህ ሰው አልላክሁትም። የተላከው ለአንድ ስልክ ብቻ ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በሽተኛው በሚሳሳበት ሰዓት።

ያለ ፈቃድህ አፍህን ሰረቅሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያደረግኩት። ብትቆጣ እውነት አለህ። ብቻ አንተ ከተጠራህ የማትቀር ሰው መሆንህን አውቃለሁ።

ልጅህ


መጋቢት 7 ቀን

ለጥያቄዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ረጅም ደብዳቤ ነው፣ ወንበር ሳቢ።

አንቺ ያልሽው ሐሙስ ዕለት መስኮቱን ዘግቼ የተመለሱ ካርዶችን በተራ ቁጥራቸው እየሰካሁ ነበር። ከአርባ ሺህ ተነሥቼ ወደ ታች። ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ስለሆነ አነሳሁት፤ ያንቺ ቢሆን ኖሮ አላነሳም ነበር። «አንተ ሰውዬ» አለኝ። «እኔ ነኝ፣ የካርድ ክፍሉ። ድምፅህ ከሰለለ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ጉንፋን አይደለም፣ አንተም ታውቃለህ። አራተኛው በር፣ ሲስተር አለች። ሳትፈራ ሂድ።»

እኔ ነኝ፣ ጥያቄዬ። እኔው ነኝ። ጉሮሮው ንጹሕ፣ የዛሬ ዓመቱ እኔ። መሰላሉ ላይ ቆሜ ነበርና ቀስ ብዬ ወርጄ መጨረሻው እርከን ላይ ተቀመጥኩ። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ካርዱ ሁሉ ጸጥ ብሏል። የምጠይቀው ነበረኝ። ያማል ወይ፣ ይሄ ነገር እንደ አክስትሽ ነው ወይ፣ ልለው አፌን ስከፍት ዘጋብኝ። መልሼ ደወልኩ፣ አይሠራም። ያን ጊዜ የፀጉር አስተካካዩ ወቀሳ ገባኝ። በጣም ተናደድኩብሽ። እዚያው እርከኑ ላይ ደግሞ አለቀስኩ።

ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ስጠራ የራሴን ስም ጠርቼ አላውቅም። ተጠርቶ እንዴት ነው የሚቀረው? ለጠራሁት ሰው ሁሉ ምን እላለሁ? ኮቴን ለብሼ ወጣሁ፣ ዞሬ በውጭ በኩል መስኮቴ ላይ ቆምኩ። እኔ ስወጣ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ገብቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ ቦታዬን ይዞ ነበር። አየኝና ጨዋታ መስሎት፣ «ካርድ አለዎት?» አለኝ። የለኝም አልኩ። እውነት የለኝም! አርባ ሺህ ሰው ካርድ ሲኖረው ለእኔ አልወጣልኝም። አንድም ቀን እዚያ በሽተኛ ሆኜ ገብቼ አላውቅማ። ሰውዬው ፊቴን ደግሞ ሲያይ ሳቁን ተወ። አዲስ ካርድ አውጥቶ ስሜን ከነአባቴ ጻፈ፣ ቁጥር ሰጠኝ።

ሲስተር በመብራት አይታ ወረቀት ጽፋ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከችኝ። እዚያ በአፍንጫ ቀጭን ቱቦ ሰደዱ፣ ቁራጭ ወሰዱ፣ ዐሥራ ሁለት ቀን አስጠበቁኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቃል አታሳምርም፤ በቀጥታ ነገረችኝ። ድምፅ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። ገና አልተሰራጨም። በጥቅምት መጥቼ ቢሆን ኖሮ ጨረር ብቻ ይበቃ ነበር። አሁን መቁረጥ ያስፈልጋል። «ሕይወትዎ ይተርፋል፣ ድምፅዎ አይተርፍም» አለችኝ።

አሁን ስለ ጥናትሽ። መጠይቅሽን ሲስተር ሰጥታኝ አየሁት። «ያውቃሉ?» ይልና ሁለት ሳጥን አለው፣ አዎ እና አይ። እኔ አውቅ ነበር፣ ጥያቄዬ። በጥቅምት ዘጠነኛውን ሳነብ አውቄያለሁ። እንዲያውም ከዚያ በፊት አውቄያለሁ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣ ጠዋት ጠዋት ስም ስጠራ በሽተኞቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ። ስልክሽን ያላነሳሁትም እንዳትሰሚኝ ነው። አክስትሽ ስትታይ የተገኘውን አየሁ፤ ከዚያ በኋላ መታየትና መገኘት ለእኔ አንድ ሆነ። ካልታየሁ የለም። «ያውቃሉ፣ ግን ይፈራሉ» የሚል ሳጥን ብትጨምሪ ብዙ ሰው እዚያ ውስጥ ታገኚያለሽ።

ሚያዝያ 3 ቀን ለቀዶ ሕክምናው እተኛለሁ። አትምጪ፣ ሥራሽን አትጣይ። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ ሁለተኛ ግን አፌን አትስረቂ።

አጎትሽ


መጋቢት 24 ቀን

ለጋሼ፤

ደብዳቤህን ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ነው ያነበብኩት፤ እዚያ ማንም ስለማይሰማ ጮኬ አለቀስኩ። ከጥቅምት እስከ ጥር ድምፅህ በጆሮዬ ነበር። ጥራቱን ስለካ፣ ርዝመቱን ስለካ፣ አንተን ረሳሁ። ይህን ለራሴ ይቅር አልልም።

ሳጥኑን ጨምረነዋል። አለቃዬ ሦስት ስብሰባ ተሰብስቦበት እሺ አለ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቁርጡን አንተ ትናገራለህ። ኮምፒውተሩ ድምፅህን ያውቃል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በስልክህ ላይ ብትጽፍ እሱ በአንተ ድምፅ ይናገርልሃል። ጥናቱም ለሁለተኛ ዓመት ተፈቅዷል፤ ሰዉ የመጣው ድምፅህን ሰምቶ ነው። አንተ ከፈቀድክ አዲስ መልእክቶችን በእሱ ማስነገር እንችላለን። ድምፅህ አይጠፋም፣ ጋሼ። በሰፈሩ ውስጥ ሰኞ ሰኞ እንደሄደ ይኖራል።

በሰኔ መጨረሻ እመጣለሁ። አትምጪ ብትለኝም እመጣለሁ።

ልጅህ


ግንቦት 19 ቀን

ለጥያቄዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ሲስተር የጻፈችልሽ ሁሉ ትክክል ነው። ተቆርጧል፣ ድኗል። በአንገቴ ቀዳዳ እተነፍሳለሁ። ሾርባ መጠጣት ጀምሬያለሁ። ከተናገርኩ አርባ ስድስት ቀን ሆነኝ። መጀመሪያ ሰሞን በሕልሜ እናገር ነበር፤ መሰላሉ ላይ ቆሜ ስም ስጠራ አድር ነበር። አሁን በሕልሜም ዝም ብዬ ካርድ እሰካለሁ።

ለጥያቄሽ መልስ። አይሆንም። ደክሞኝ ወይም ተቀይሜ አይደለም። ሰዉ የመጣው እኔ መስኮቱ ላይ እንዳለሁ አውቆ ነው። ከእንግዲህ ግን ጠርቼው ቢመጣ እዚያ የለሁም። ከዛሬ ወዲያ ያ ድምፅ ቢጠራ የሚዋሸው ነገር አለው። ደግሞ ልብስ ሰፊውን ጠይቂው፤ አሁንም ስኳር ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እኔ እንደጠራሁት ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔን አክብረው መጡ፤ ለምን እንደመጡ ግን አልነገርኳቸውም። የሚመጣው ዓመት እነሱ ይናገሩ። የፀጉር አስተካካዩ እናት ስለ ግፊቷ ትናገር፤ ምላስ እንደሆነ ሞልቷታል። ለእኔም በስልክ የሚናገር አልፈልግም። ማስታወሻ ደብተር ገዝቻለሁ፤ ወረቀት እንደሆነ ጠላቴ አይደለም።

ትናንት ለክትትል ትልቁ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። አግዳሚው ላይ ሠላሳ ያህል ሰው ተቀምጧል። ስም ጠሪው በመስኮቱ ብቅ ይላል፣ ይጠራል። ሙያውን አያውቀውም፤ የአባት ስም ይውጣል። የእኛ ሥራ ልማድ አለው፣ አንድ ሰው ሦስቴ ይጠራል፤ ካልመለሰ ካርዱ ከታች ይገባል፣ ቀኑ ያልፈዋል። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲያ አድርጌያለሁ።

ስሜን ከነአባቴ ጠራ። አፌን ከፈትኩ፤ ነፋስ ብቻ በአንገቴ ወጣ። እጄን አነሳሁ። ካርዱን ነው የሚያየው፣ ሰውን አያይም። እኔም ካርዱን ነበር የማየው። ሁለተኛ ጠራ። ልነሣ ስል ሳል ያዘኝ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልንገርሽ፤ ሦስቴ ጠርቼ ካርዳቸውን ከታች ያደረግኋቸው ሰዎች ስንቶቹ ናቸው እንዲህ እጃቸውን ያነሱት?

ሦስተኛ ጠራ። አጠገቤ የተቀመጠች፣ በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ ሴትዮ፣ መጀመሪያ እጄን አየች፣ ቀጥላ አንገቴን አየች። ከዚያ የሆስፒታሉን ጣሪያ በሞላ ድምፅ፣ «አቤት! እዚህ ነው ያለው!» አለች። ከኋላ ያለ ሰውዬም «አቤት!» አለ። ከዚያ ያ አግዳሚ ሙሉ፣ ሕፃን ያቀፈችው፣ ምርኩዝ የያዘው፣ ሁሉም አቤት አሉልኝ።

ስም ጠሪው ደንግጦ ከካርዱ ቀና አለ። ተነሥቼ ገባሁ።

አጎትሽ